ኦንላይን ፖከርና ኑሮ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ፖከር ተጫዋች በዓይን አይታይም። ቤቲንግ ቤት በሩ ላይ ሰው አለው፣ ከረንቡላ ቤት ድምፅ አለው፣ ፖከር የሚባለው የካርታ ውርርድ ግን ስልክ ውስጥ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ አዝዞ ስልኩ ላይ ያጎነበሰው ልጅ ቲክቶክ እያየ ይሁን ኦል ኢን ገብቶ (ያለውን ሁሉ አስይዞ) ልቡ እየመታ፣ ጎኑ የተቀመጠው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ስህተቱንም ለብቻው ነው የሚሠራው፣ «ተው» የሚለው ሰው በሌለበት።

ፖከር ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። ያንን የሚሉ አሉ፣ ምክንያታቸውም ባዶ አይደለም። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም እንቅልፉንም የሚያጣው ካርታ ስለማይችል ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚጫወት ለራሱ በግልጽ ስላልነገረው ጭምር ነው። ለመዝናናት የገባው እንደ ባለሙያ ሌሊቱን ያነጋል። ለገንዘብ የገባው አንዲት ቁጥር አይመዘግብም። ብስጭቱን ሊረሳ የገባው ደግሞ የቤት ኪራዩን ይዞ ይቀመጣል።

«ለብር ነዋ!» ብሎ ራስን ማሳመን

ወጣት ተጫዋች ለምን እንደሚጫወት ብትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ለብር ነዋ!» እሺ፣ እስካሁን ስንት አስገብተህ ስንት አወጣህ በለው። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ደግሞ ያኔ ያገኛትን ትልቋን ብር ይተርክልሃል። ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት በስንት እንዳመጣች፣ በስንት እንደሸጠች፣ ስንቱ እንደበሰበሰባት ማታ ላይ ጠንቅቃ ታውቃለች። ለብር መሥራት እንደዚያ ነው። ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ለሌላ ነገር ነው የሚጫወተው፣ ብቻ አላወቀውም።

እውነተኛው ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው። ተመርቆ ሥራ እየጠበቀ ቀኑ አልገፋ ያለው አለ። ዳማም ይሁን ቼዝ ካላሸነፈ እንቅልፍ የማይወስደው አለ። የቤቱን ጭቅጭቅ ላለመስማት ስልኩ ውስጥ የሚደበቅ አለ። ሰው ፍለጋ የሚጫወትም አለ። አንድ የማውቀው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካና ዱባይ ካሉት ወንድሞቹ ጋር የግል ጠረጴዛ ከፍቶ በነጻ ቺፕ፣ ማለትም ብር በማይከፈልበት የጨዋታ ገንዘብ፣ ይጫወታል። ካርታው ሰበብ ነው። ዋናው ወሬው ነው፤ እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች ወይ፣ የአክስታችን ልጅ ሰርግ መቼ ሆነ፣ አጥሩን ማን ያሳድሰው። እንዲህ ያለው ፖከር ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ከማውቃቸው ተጫዋቾች ጤነኛው ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ተራ ይዞ ሲጠብቅ ስልኩን ያወጣል። እሱም በነጻ ቺፕ ነው፤ ሚሊዮን ቺፕ አለው፣ አንድ ማኪያቶ አይገዛለትም። አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ሳይ ሁለት አስ መጣለት። ከ221 እጅ፣ ማለትም ከ221 የካርታ እደላ፣ አንዴ የምትገኝ፣ የሚበልጣት የሌለ መነሻ ናት። በዚያችው ቅጽበት ተሳፋሪ መጣች። «ግቢ እህቴ፣ የት ነሽ?» አለና አሶቹን ሳይጫወትባቸው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ገርሞኝ ሳየው «ምን ላርግ ጋሼ፣ የምትከፍለኝ እሷ ናት» አለኝ።

ምክንያትህን ካወቅህ ልኩም ይታወቃል። ጊዜ ማሳለፍ ከሆነ ነጻው ቺፕ ይበቃል። ውድድር ከወደድህ ትንሿ ቶርናመንት (መግቢያ ተከፍሎ እስከ መጨረሻው የሚፎካከሩበት ውድድር) ትበቃለች። ሰው ከናፈቀህ ደውል። ከጭቅጭቅ ለመሸሽ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ባትጫወት ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በነጻ ቺፕ ጎበዝ መሆን በገንዘብ ጎበዝ መሆን አይደለም። ነጻው ጠረጴዛ ላይ ማንም ካርታውን ጥሎ አይወጣም፣ የሚያጣው ነገር የለማ። ብላፍ ብታደርግም፣ ደካማ ካርታ ይዘህ ጠንካራ እንደያዘ ሰው ብትወራረድም፣ የሚፈራህ የለም።

የአንድን ሰው ዕድል የራስ ዕቅድ ማድረግ

ኦንላይን ፖከር በገንዘብ መጫወት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ግን በ2003 ነው። ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት የ86 ዶላር ማጣሪያ አለፈና ላስ ቬጋስ ሄደ። የዓለም ፖከር ውድድርን ዋና ጨዋታ አሸንፎም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ተመለሰ። ያን ዓመት የተወዳደሩት 839 ሰዎች ነበሩ። በ2006 ቁጥሩ 8,773 ደረሰ። አብዛኛው «እሱ ከቻለ እኔስ» ብሎ ነበር የመጣው።

አንደኛ ያልወጡት 8,772 ሰዎች ታሪክ ግን ዩቲዩብ ላይ አይገኝም። ከአሥር አንዱ ገደማ የሆነ ሽልማት አግኝቷል፣ የቀረው መግቢያውን ከፍሎ ባዶ እጁን ገብቷል። ሰፈር ውስጥም እንደዚያው ነው። ያሸነፈ ያወራል፣ የተበላ ዝም ይላል። አንተ የምትሰማው የአንዱን ወገን ወሬ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ጨዋታው ራሱ ሰው ያታልላል። በፖከር ችሎታ ዋጋ አለው፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን የሚታየው በረጅም ጊዜ ነው። በካሽ ጨዋታ፣ እያንዳንዱ እጅ በቀጥታ በገንዘብ በሚጫወትበት፣ 10 ሺህ እጅ እንኳ ማን ጎበዝ እንደሆነ በደንብ አይለይም። ሁለት ሳምንት አሸንፎ ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ልጅ ገና ምንም አላየም። ሁለት ሳምንት ተበልቶ «አልረባም» የሚለውም እንደዚያው።

የድርጅቱን ድርሻ አለመቁጠር

ፖከርን ከቤቲንግ የሚለየው የምትጫወተው ከሌላ ተጫዋች ጋር መሆኑ ነው። ድርጅቱ መሐል ቆሞ ያጫውታል እንጂ ካንተ ጋር አይወራረድም። ፖከር ተጫዋቾች በዚህ ይኮራሉ። ቤቲንግ ቤት ትኬት የሚቆርጠውንም ትንሽ ቁልቁል ያዩታል።

ድርጅቱ ግን ለጽድቅ አልከፈተውም። በካሽ ጨዋታ መሐል ላይ ከተጠራቀመው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ፣ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ፣ ይቆርጣል። ሬክ ይሉታል። በቶርናመንት ደግሞ መግቢያው ላይ ይደምረዋል፤ 11 ዶላር ትከፍላለህ፣ ለሽልማት የሚሄደው 10 ነው። ችሎታቸው እኩል የሆኑ ስድስት ጓደኛሞች ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ ጠዋት የሁሉም ገንዘብ ተደምሮ ሲቆጠር ጎድሎ ይገኛል። ማን ወሰደው ብለው ቢጣሉ ሌባው ከመሐላቸው የለም። ከተጋጣሚህ በትንሹ መሻል ስለማይበቃ ከሬኩም በላይ መሻል አለብህ። በሳንቲም ጠረጴዛዎች ላይ ደግሞ ሬኩ ከውርርዱ አንጻር ሲታይ ይብስ ይከብዳል።

ፍጥነቱንም አስበው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ካርታ እያደለ የሚጫወት ሰው በሰዓት 25 ወይም 30 እጅ ያያል። ስልክ ላይ ከ60 ያልፋል። ሦስት ጠረጴዛ አንድ ላይ ከተከፈተ 200 ገደማ ይደርሳል። «አንድ ሰዓት ብቻ ነው የተጫወትኩት» ያልከው የአንድ ሙሉ ሌሊት ያህል ካርታ ነው፣ የአንድ ሙሉ ሌሊት ያህልም ሬክ።

የእቁብ ብር ይዞ መግባት

እቁብ ወጣልኝ ብሎ ብሩን ፖከር ውስጥ የከተተ ሰው አውቃለሁ። የእቁብ ብር ያታልላል። በአንዴ ስለሚመጣ ትርፍ ይመስላል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ግን የያዘው ዕዳ ነው፤ የቀረውን ዙር በሙሉ ገና ይከፍላል። ያ ሰውዬ ብሩ በሳምንቱ አለቀ፣ እቁቡ ግን ወራት ቀረው። ዳኛውን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ገንዘብ አያያዛቸው ቀላል ነው። ለጨዋታ የተለየ ገንዘብ አለ፣ ቢጠፋ ቤት ውስጥ የሚጎድል ነገር የለም። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡትም በትንሿ ቁራጭ ነው፤ በካሽ ቢያንስ የ20 ወይም የ30 መግቢያ (ጠረጴዛ ላይ ይዘው የሚቀመጡት ገንዘብ) ያህል ከኋላ ይኖራቸዋል፣ በቶርናመንት 100 ያህል። 40 ዶላር ያለው ሰው ቦታው የ2 ዶላር ጠረጴዛ ነው ማለት ነው። አርባውን ይዞ አርባ ዶላር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው አንዲት መጥፎ ካርታ ትጨርሰዋለች።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጨዋታው በዶላር ነው፣ ደሞዙ በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ድሮ የምናውቀው ዶላር አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም አይተናል። ስልኩ ላይ ግን «5» ተብላ የምትታየው ቁጥር ትንሽ ናት። ጣት በቀላሉ ይነካታል። ከመንካትህ በፊት በብር መትተህ አስባት፣ ከዚያ በሽሮ፣ በዘይት፣ በልጅ ደብተር አስባት።

ባንክ ሄደህ «ፖከር ልጫወት ነው፣ ዶላር ላኩልኝ» ብትል የሚሰማህ የለም። ስለዚህ ሰው በደላላ ይገባል። ደላላው ብር በስልክ ይቀበላል፣ ቺፕ ይጭናል፣ ስታሸንፍ እመልሳለሁ ይላል። አንዳንዱ መተግበሪያ ራሱ ቺፑ የገንዘብ ዋጋ የለውም ብሎ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ገንዘቡ ያለው በአንተና በደላላው መካከል፣ በቃል ነው። ደላላው ቁጥሩን ዘግቶ ቢጠፋ የት ትከሳለህ? ምን ብለህስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ዋስትና አይደሉም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሦስት ታላላቅ የፖከር ድርጅቶችን ድረ ገጽ በአንድ ቀን ዘጋ። ከመካከላቸው ፉል ቲልት ፖከር የተጫዋቾቹን ገንዘብ መክፈል አቃተው። አሜሪካውያኑ ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው። እነሱ ሦስት ዓመት ጠብቀው በመንግሥታቸው በኩል አገኙ። ካሸነፍክ አውጣ፣ እዚያ አታስቀምጥ።

የሰው አገር ሰዓት መኖር

ይህኛው ስህተት ሲታይ ትንሽ ነው፣ ቤት የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው። ትልልቆቹ የእሑድ ቶርናመንቶች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው እንዲመቹ የተዘጋጁ ናቸው። እነሱ ቀትርና አመሻሽ ላይ ሲጀምሩ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሆኗል። ትልቅ ቶርናመንት ስምንት፣ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ቀንቶህ እስከ መጨረሻው ከሄድክ ሰኞ ሊነጋ ነው። ከገብርኤል የቅዳሴ ድምፅ እየተሰማ አንተ ገና ካርታ እያየህ ነው።

አስቂኙ ነገር ባሸነፍክ ቁጥር እንቅልፍ የምታጣው ይበልጥ መሆኑ ነው። ቶሎ የወጣው ተኝቷል። ሰኞ 2 ሰዓት ቢሮ የሚገባ ሰው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሺፍት ያለው ሰው፣ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው ይህን ቶርናመንት ጨርሶ መክፈት የለበትም። «እስከ 5 ሰዓት ብቻ» ማለት አይሠራም፣ ምክንያቱም ቶርናመንት መሐል ላይ ተነስቶ የሚወጣ የለም። መግቢያህ ይቃጠላል። መሐል ላይ መነሳት የሚቻለው በካሽ ጨዋታ ነው። ወይም ደግሞ ዘጠኝ ሰው ሲሞላ የሚጀምሩ አጫጭር ውድድሮች አሉ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃሉ። የቤተሰብ ሰው ፖከር እነዚህ ናቸው።

መብራትና ኔትወርክም አለ። አንዱ ከጠፋ እጅህ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጣላል፣ ማንም ቆሞ አይጠብቅህም። የሐዋሳ ሰው ዝናብ ሲያስገመግም ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

በንዴት መጫወት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፖከር ተጫዋቾች ቲልት ይሉታል።

አንድ ጓደኛዬ ቲልት ሲገባ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ተደግፎ የነበረው ሰውዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይመጣል። ሲቀልድ የነበረው ዝም ይላል። ሁለት አስ ይዞ ገንዘቡን በሙሉ አስገብቶ ነበር፣ አንዱ በሰባትና በስድስት ተከተለው፣ የመጨረሻዋ ካርታ ስትገለጥ ሰባትና ስድስቱ ሁለት ጥንድ ሆኑ። «አየኸው ይሄን ደደብ? በምን አስቦ ነው የተከተለኝ?» ይላል። ልክ ነው፣ አከታተሉ ልክ አልነበረም። ግን ሰባትና ስድስት ሁለት አስን ከአምስት አንዴ ገደማ ያሸንፋል። ዛሬ ያቺ አንዷ ነበረች። ጓደኛዬ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፣ በሌላ ቀን እሱ ራሱ ነው የሚያስረዳኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሌም አንድ ነው። ካርታውን በቅጡ ሳያይ ሬይዝ (ውርርድ መጨመሪያውን) ይነካል። የ2 ዶላሩን ጠረጴዛ ዘግቶ የ5ቱን ይከፍታል፣ ቶሎ ለማስመለስ። «ተው እንጂ አንተ፣ ነገ ትጫወታለህ» እለዋለሁ። «አንዴ ቆይ፣ ይቺን እጅ ብቻ» ይላል፣ ዓይኑን ሳያነሳ። የቀረበለት ቡና በርዶ ከላዩ ዓይን ሠርቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፣ ልዩነቱ እሱ የሚለቅመው እንኳ አይተርፈውም።

ንዴት ከጨዋታው ብቻ አይመጣም። ቀድሞ ከቤት የሚመጣ አለ፤ ከአለቃ ጋር ተጣልቶ፣ ከሚስት ጋር ተኳርፎ፣ አከራይ ጨምሮበት። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ገና ካርታ ሳይታደል ተናድዷል። ቅድም «ባትጫወት ይሻላል» ያልኩት ለዚህ ነው። ካርታ መጣል ትዕግሥት ይፈልጋል፣ የተናደደ ሰው የሌለው ደግሞ እሱን ነው።

ምርቃናም መነሳት አለበት፣ እዚህ አገር እየኖርን ዘለን አናልፈውም። ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው የማያሸንፈው የለም። ብላፉ ሁሉ ያልፋል ብሎ ያምናል፣ የተጋጣሚውን ሐሳብ ያነበበ ይመስለዋል። ከዚያ ጨብሲው ይከተላል፣ ከቢራው ጋር ደግሞ «ኦል ኢን!»። እነዚህን ሦስቱን አንድ ምሽት ላይ የሰበሰበ ሰው ጠዋት ሒሳቡን ለማየት ይፈራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ቀድሞ መወሰን ነው የሚጠይቀው። ሁለት መግቢያ ከተበላህ የዛሬው አለቀ። በተበላህበት ቀን ወደ ትልቅ ጠረጴዛ መውጣት የለም። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች የቀን ወይም የሳምንት ማስገቢያ ገደብ የምታበጅበት ቦታ አላቸው፣ ቀዝቀዝ ባልክበት ሰዓት ሙላው። ስልኩን ቤት ትተህ ወደ ፍቅር ሐይቅ ውረድ፤ አንድ ዙር ተራምደህ ስትመለስ ያ ሰባትና ስድስት የያዘ ሰውዬ ጨርሶ ትዝ አይልህም።

ከፖከሩ ጎን ያለውን መንካት

ብዙዎቹ የፖከር መተግበሪያዎች ከታች ሌላ በር አላቸው። ሩሌት የሚሉት የቁጥር መንኮራኩር፣ ስሎት የሚሉት የዕድል ማሽን፣ የምትበር አውሮፕላን። ፖከር አሸንፈህ ስትወጣ ያቺ በር ብልጭ ትላለች። እዚያ ችሎታ የሚባል የለም። ባለ አንድ ዜሮው ሩሌት 37 ቁጥር አለው፣ የሚከፍልህ ግን 36 እንዳለው አድርጎ ነው። ልዩነቷ 2.7 በመቶ ናት፣ ዘላለም የድርጅቱ ናት። ሁለት ሰዓት ለፍተህ በትዕግሥት ያገኘኸውን እዚያ በአምስት ደቂቃ ትመልሳለህ።

ከቤት መደበቅ

ስልኩን ሲያጎነብሱበት «ሥራ ነው» የሚሉ አባወራዎች አሉ። ሚስት ሞኝ አይደለችም። ገንዘቡ ከመጉደሉ በፊት ሰውየው እንደጎደለ ታያለች፤ እራት ላይ አለ ግን የለም፣ ልጁ «አባዬ» ሲለው ሦስተኛው ላይ ነው የሚሰማው።

ብትነግራት ምን ይመጣል? ምናልባት አንድ ጭቅጭቅ። የማውቃቸው አንድ ባልና ሚስት በግልጽ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለጨዋታ በወር ይህን ያህል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሚስጥር ቁጥሩ እሷ ጋ ነው። የሚጫወተው ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አንዳንዴ እሷው ናት «ዛሬ ቀንህ አይደለም እንዴ?» የምትለው። ሲያሸንፍ አሞራ ገደል ዓሣ ይጋብዛታል፣ ሲሸነፍ ታሾፍበታለች። የተደበቀ ጨዋታ ሽንፈቱም ይደበቃል፣ የተደበቀ ሽንፈት ደግሞ ማስመለስን ያመጣል፣ ማስመለስ ብድርን።

በሽታውን አመል ብሎ ማለፍ

ለአንዳንድ ሰው ከላይ ያለው ምክር ሁሉ አይጠቅምም። ለመቀነስ ደጋግሞ ሞክሮ ያልቻለ፣ ሳይጫወት ሲውል የሚቁነጠነጥ፣ ለመጫወት የሚዋሽ፣ የተበላውን ለማስመለስ ሲል ብቻ የሚመለስ ሰው ገደብ ማበጀት አያድነውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 የቁማር ሱስን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። እንዲህ ያለውን ሰው መምከር፣ መስደብ፣ ሽማግሌ መላክ ብቻውን አይበቃም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበልም ከፈለገ ይሂድ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን ዛሬውኑ ይጥፋ፣ የገንዘብ ሚስጥር ቁጥሩም ለሚያምነው ሰው ይሰጥ።

ለተጫዋች ማበደር

ይቺ ለጓደኞች ናት። «አንድ ሺህ ብቻ አበድረኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ሲልህ ማታ የሚመልሰው ካሸነፈ ነው። ካሸነፈ ደግሞ ዕድሉ ሞቃለች ብሎ ይቀጥልበታል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ብርህ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው፣ አንተ ሳትጫወት። ከራበው ምሳ ጋብዘው። የቤት ኪራይ ከጎደለው ለአከራዩ በቀጥታ ክፈልለት፣ ደረሰኙንም ተቀበል።